ማኅተም የሌለው ወረቀት

በጥር መጨረሻ ከቡሬ አንዲት ወጣት ሐኪም ቤቴ ድረስ መጣች። የባጃጅ ሾፌሩን ስለ ቤቴ ስትጠይቀው «የሲስተር ቤት?» ብሎ በቀጥታ እንዳመጣት ነገረችኝ። በዚህ አካባቢ ሠላሳ ዓመት በሐኪምነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ግን አሁንም ሲስተር ነኝ። ስድብ አይደለም፤ አብረውኝ የሠሩት ነርሶች ብዙ ነገር አስተምረውኛል። ቢሆንም ከእኔ ጋር በአንድ ቀን የተመደበው ወንድ በመጀመሪያው ጠዋት «ዶክተር» ተባለ። እኔን እንዲህ ለማለት ሠላሳ ዓመትም አልበቃቸውም።

ልጅቱ ይዛ የመጣችው ወፍራምና የሚያብለጨልጭ፣ በሦስት የታጠፈ ባለቀለም ወረቀት ነበር። ከላይ «ለሚጾሙ የስኳር ሕሙማን መመሪያ» ይላል። ከታች ክብ ማኅተም ተመቶበታል፤ ከማኅተሙ በላይ የአዘጋጁ ስም አለ። ስሙን አልጽፍም። ያኔ አለቃዬ ነበር፤ ዛሬ ፕሮፌሰር ነው፤ በስኳር ሕክምና ምርምር ፈር ቀዳጅ ይሉታል። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር። እዚህ ግን እሱ እለዋለሁ፤ ይህን የምጽፈው በገዛ ደብተሬ ላይ ነው።

ቅዳሜ ወረቀቱ የሚመረቅበት ዝግጅት እንዳለ፣ ፊት ወንበር እንደተያዘልኝ፣ ስለ ፕሮፌሰሩ የወጣትነት ዘመን ጥቂት እንድናገር እንደሚፈልጉ ነገረችኝ። እየሰማኋት አነብ ነበር። አራተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። «በጾም ቀን ዋናው መርፌ የሚወሰደው ጠዋት ሳይሆን ቅዳሴ ሲወጣ፣ ማዕድ ከቀረበ በኋላ ነው» ይላል። ፕሮፌሰር «ቅዳሴ ሲወጣ» ብሎ አይጽፍም። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከዛሬ ሃያ ዓመት በፊት፣ ሰዓት ለማያስሩ ሰዎች። ከጎኑ ሥዕል አለ፦ አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር ትንሽ ብልቃጥ ያሰረች ባላገር። የሴትዮዋንም ማንነት አውቃለሁ።

«ይህ ወረቀት የእኔ ነው» አልኳት።

መጀመሪያ፣ ለራስዎ የመጣ ነው፣ ይውሰዱት አለችኝ። የምለው የገባት ቆይቶ ነው። ቅሬታ እንደምጽፍ ነገርኳት። እሷም ቃሏን እየመረጠች፣ መብቴ እንደሆነ፣ ነገር ግን የባለቤትነት ክርክር ከተነሣ ጉዳዩ ወደ ኮሚቴ እንደሚሄድ፣ እስኪጣራ ድረስም ወረቀቱ እንደማይታደል አስረዳችኝ።

«እስከ መቼ?»

«እሱን አላውቅም። የኮሚቴን ነገር እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ሁዳዴ ግን ያልፋል።»

ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ሳምንት እንኳ አልቀረውም።

ይህ ቃል ለምን እንደያዘኝ ልጅቱ አላወቀችም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት አለች። ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ትጾማለችም። ባለፈው ፍልሰታ ስኳሯ ወርዶ በበቆሎ ማሳ ዳር ወድቃ ነው ያገኟት። እናቷም እንዲሁ ወድቀው ነው የሞቱት። መርፌውን ከጾሙ ጋር እንዴት እንደምታስማማው ልነግራት ሁለት ጊዜ ቤቷ ሄጃለሁ። በትሕትና ሰምታኝ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈ አሮጌ የሆስፒታል ወረቀት ጠቆመችኝ። «ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት» ይላል። ጠዋት ትወጋለች፤ ቁርስ ግን የለም።

«ይኼኛው ማኅተም አለበት» አለችኝ።

ማኅተም የሌለውን እንዳይቀበል ያንን ቤት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የዚህን ነገር አመጣጥ ልንገር፤ ፕሮፌሰሩ በመድረክ ላይ እንደማይነግረው አውቃለሁ።

በዚህ መንገድ ላይ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ስመደብ ወጣት ነበርኩ። ስለ ትዳሬና ስለ ቤቴ አልጽፍም፤ ማንንም አይመለከትም። አለቃዬ ከእኔ ጥቂት ዓመት የሚበልጥ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ እጁ የሠለጠነ ሐኪም ነበር። እውነቱን መደበቅ አልችልም፤ ተጠርቶ ቀርቶ አያውቅም። ስኳር የከተማ ሰው በሽታ ነው በሚባልበት ጊዜ፣ ገበሬውንም ይይዛል ብሎ የተከራከረ እሱ ነው። ለስኳር ሕሙማን የተለየ ቀን እንዲኖራቸው ያደረገውም እሱ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ግቢው በጋቢና በዱላ ይሞላ ነበር። ይህን ሁሉ አልነፍገውም። የማልሰጠው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ከማክሰኞ ታካሚዎቼ አንዷ የዚያች ሴት እናት ነበሩ። እታለም እላቸው ነበር። ባላቸውን በሞት ያጡ፣ የሁለት ጥማድ በሬ ባለቤት፣ አፋቸው ማንንም የማይምር ሴት ነበሩ። ኢንሱሊናቸውን በራሰ አሸዋ ውስጥ በተቀበረች ትንሽ ማሰሮ ያኖሩታል። አንድ ቀን መድኃኒቱ እንዳይሞቅ ምን እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው «እናንተ መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?» አሉኝ። የኛ ማቀዝቀዣ በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ነበር።

ለመጀመሪያ ጊዜ በቃሬዛ የመጡት ሥር ቆፍረው በሚሸጡ ሰዎች ጠንቅ ነው። በቡሬ ገበያ ቀን ቁጭ ብለው በላስቲክ የተቋጠረ ዱቄት ይሸጣሉ፤ ከዱቄቱ ጋር «ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል» የሚል የታተመ ወረቀት ይሰጣሉ። እታለም ማንበብ አይችሉም። ልጃቸው አነበበችላቸው፤ የታተመ ነገር አይዋሽም ብለው መርፌውን ተዉት። በአራተኛው ቀን ሲደርሱ ትንፋሻቸው ቁና ቁና ይል ነበር።

ሲሻላቸው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የሆስፒታሉን ወረቀት አሳየኋቸው። ጣታቸውን ይዤ ማኅተሙ ላይ አዞርኩት። ከእንግዲህ ይህ ክብ ነገር የሌለበትን ወረቀት ማንም ቢሰጣቸው፣ ቄስም ይሁን ዘመድ፣ እንዳይቀበሉ አስማልኳቸው። ልጃቸውም ቆማ ትሰማ ነበር። እታለም ሳቁና «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አሁን ሁለቱንም አንድ ላይ አሲያዝሽኝ» አሉ። ያን ቀን በሥራዬ ኮርቼ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

በዚያው ዓመት ሁዳዴ ገባ። ከላይ የሚመጣልን መመሪያ አጭር ነበር፦ የስኳር ሕመምተኛ አይጾምም። እኔም እንደዚያው እል ነበር፤ ዛሬም ባይጾሙ ደስ ይለኛል። ግን ከሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት ጀምሮ በየማለዳው የሚወድቁ ሰዎች ይመጡልን ነበር። ላብ ያጠመቃቸው፣ የሚዘባርቁ፣ አንዳንዶቹን ሰይጣን ነው ተብሎ ጸበል ሲረጩ ያደሩ። ግሉኮስ ሲሰጣቸው ዓይናቸውን ይገልጣሉ፤ ለምን ጾምክ ሲባሉ መሬት ያያሉ። አለቃዬ ይቆጣቸዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግመው ይመጣሉ።

እታለምም ወደቁ። ስለዚህ የንስሐ አባታቸው ዘንድ በእግሬ ሄድኩ። ጥሩ ሰው ነበሩ፤ በእሳቸው ላይ ቂም የለኝም። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው እንደማታስገድድ፣ ይህንንም ብዙ ጊዜ እንደተናገሩ ነገሩኝ፤ እታለምን አስጠርተው በእኔ ፊት፣ ይብሉም ይወጉም፣ ፈትቻለሁ አሉ። እታለም መስቀሉን ተሳለሙ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ከአምስት ቀን በኋላ ከቤተ ክርስቲያን በሚወርደው መንገድ ላይ ወድቀው በሰው ትከሻ መጡ። መርፌውን ጠዋት ወግተዋል፤ እህል ግን አልቀመሱም። ሲነቁ ጮኽኩባቸው። በሕይወቴ በታካሚ ላይ የጮኽኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ምን ነካዎት፣ እታለም? ከወጉ ለምን አልበሉም?»

«አንቺን እንዳላስቀይም ወጋሁ» አሉ። «እሱን፣ የላይኛውን፣ እንዳላስቀይም ጾምኩ።»

«የንስሐ አባትዎ ፈቅደው የለም እንዴ?»

«እሳቸውማ ፈቀዱ። እኔ መቼ ፈቀድኩ?»

ከእኛ ከሐኪሞቹ ማናችንም ያላሰብነው ይህን ነው። እምቢተኛ ታካሚ መድኃኒቱን ይጥላል፤ እኒህ ሴት ግን የሁለቱንም ትእዛዝ አክብረው ነው ሊሞቱ የነበረው። ጾሙን መንቀል ካልቻልኩ መርፌውን ማንቀሳቀስ እንዳለብኝ የገባኝ ያን ዕለት ነው። መርፌው ወደ ምግቡ ሰዓት ይሂድ። የጠዋቱ ይቀነስ፤ ዋናው መርፌ ከቀትር በኋላ፣ ቅዳሴ ሲወጣ ይሁን።

በጭፍን አላደረግኩትም። ቅዳሜና እሑድ ጾሙ ላላ ስለሚል ለመለካት አይሆንም። ስለዚህ በሆስፒታሉ የእሑድ ተራ እየወሰድኩ፣ በምትኩ ረቡዕ ረቡዕ እታለም ቤት መዋል ጀመርኩ። አንድ የስኳር መለኪያ፣ አንድ ደብተር፣ ለራሴ ጥሬ ይዤ እሄዳለሁ። ጠዋት፣ እኩለ ቀን፣ ከቅዳሴ በፊትና በኋላ ጣታቸውን እወጋለሁ። «ደም የለመደች ትንኝ መጣች» እያሉ ይቀበሉኛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለት ጊዜ ተሳስቼ መጠኑን ቀይሬአለሁ፤ ደብተሬ ላይ አለ፤ አልፋቅኩትም። ሰውነታቸው ሲንቀጠቀጥ የሚልሱት ነገር እንዲይዙ ብለምናቸው፣ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ አጥበው ማር ሞሉበት፤ አፉን በሰም ደፍነው ከማተባቸው ጋር አሰሩት። ይህ የእኔ ሐሳብ አልነበረም። የፕሮፌሰሩም አልነበረም። የንስሐ አባቱ ማሩ መድኃኒት እንጂ ምግብ አይደለም አሉ፤ እታለምም በዚህ ላይ ሳይከራከሩ ቀሩ።

ያን ሁዳዴ እስከ ፋሲካ ሳይወድቁ ጾሙ። በቀጣዩ ፍልሰታ ሌሎች ፈቃደኞችን ጨመርኩ። ከዚያ ሁሉንም፣ የማሩን ብልቃጥ ሳይቀር፣ በአንድ ገጽ ጻፍኩት፤ መጠኑን ለእያንዳንዱ ሰው ሐኪም እንዲወስንለት፣ ያለ ሐኪም ማንም እንዳይሞክረው ጭምር። ንጹሑን ገጽና ደብተሩን ይዤ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ ማኅተም።

መነጽሩን አድርጎ አነበበ። «ቅዳሴ ሲወጣ» የሚለው ጋ ሲደርስ ሳቀ።

«ይህ የሐኪም ወረቀት ነው ወይስ የደብር ማስታወቂያ?»

ባላገሩ ቀኑን የሚለካው በዚያ እንደሆነ ነገርኩት። ማኅተም ከመታንበት ጹሙ ብለን አዘዝን ማለት እንደሆነ መለሰልኝ። አንዱ ቢሞት ማን ይጠየቃል አለ።

«አሁን ሲሞቱ ማን እየተጠየቀ ነው?» አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ። ገጹን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተውና ጥናት የሚሠራው በሥርዓት፣ በፈቃድ፣ በብዙ ሰው ላይ እንጂ በአንዲት ባልቴት ጓዳ አይደለም አለኝ። ትክክል ነበር፤ በጣም የሚያናድደኝም ይኸው ነው። እንግዲያው በሥርዓቱ እንሥራው አልኩ። እናስብበታለን አለ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ሦስት ጊዜ ጠየቅኩት፤ ሦስት ጊዜ እያሰበበት ነበር።

ገጹን ከደብተሬ በእጄ ገልብጬ ለእታለም ሰጠኋቸው። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ክቡ የታል?» አሉኝ። ፊርማዬ እንዳለበት፣ ለጊዜው በእኔ እምነት እንዲይዙት ለመንኳቸው። «አንቺ ባለሽበት ወረቀቱን ምን አደርገዋለሁ» አሉና ሣጥናቸው ውስጥ አኖሩት።

በኅዳር ወደ መራዊ ተዛወርኩ። መራዊ መጥፎ ቦታ አይደለም። የሰው እጥረት ነው ተባልኩ፤ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ረቡዕ ረቡዕ መመላለስ አይቻልም። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት እታለም ኢንሱሊናቸውን ሊወስዱ ሆስፒታል ሲሄዱ ለሁሉም የሚታደለውን አዲስ ወረቀት ሰጧቸው። ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት። ልጃቸው አነበበች። ማኅተሙን አዩ። የኔን ሣጥኑ ውስጥ ትተው ያንን ግድግዳ ላይ ለጠፉት።

በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ወግተው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ቅዳሴ ሳይወጣ ከአጥሩ ውጭ፣ ከዋርካው ሥር አገኟቸው። ብልቃጡ አንገታቸው ላይ ነበር፤ ሰሙ አልተነካም። ጊዜ አጥተው ይሁን፣ ቅዳሴው እስኪወጣ ጥቂት ልታገሥ ብለው ይሁን፣ የሚያውቅ የለም። ወሬው መራዊ የደረሰኝ ከተቀበሩ ከስምንት ቀን በኋላ ነው። ለቅሶ ስደርስ ልጃቸው ፊቷን ሳታዞርብኝ ወረቀቱን አሳየችኝ፤ «እንዳሉን ነው ያደረግነው» አለች። ማኅተሙን ማለቷ ነበር።

ከዓመታት በኋላ አንድ ትልቅ ስብሰባ ላይ ኋላ ወንበር ተቀምጬ ሳለ፣ የቀድሞ አለቃዬ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ «ቅዳሴ ሲወጣ» የሚለውን አሳየ። ጥናቱን ሠርቶታል፤ በሥርዓት፣ በፈቃድ፣ በብዙ ሰው ላይ። ለዚህ ብዙ ዘመን ደክሞበታል፤ እኔ ያን ያህል ሰው ማሰባሰብ አልችልም ነበር። ሐሳቡ ከባላገሩ ጋር በመኖር የመጣለት እንደሆነ ተናገረ። ተጨበጨበለት። ለሻይ ስንወጣ ቀርቤ መሳቢያውን አስታወስኩት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «እህቴ፣ ሐሳብ የማንም ነው፤ ዋናው መሥራቱ ነው» አለኝ። ሻዩን ይዞ ወደ ሌሎች ሄደ። እኔም የእኔን ሳልጠጣ አስቀመጥኩት።

ወጣቷ ሐኪም ከሄደች በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ቅሬታዬን ጻፍኩ። አራት ገጽ ነው። ጥሩ ተጽፏል። ደብተሩ እጄ ላይ አለ፤ ቀኖቹ አሉ፤ የተሳሳትኩባቸው መጠኖች ሳይቀሩ አሉ። ማንም ቢያየው የማን ሥራ እንደሆነ አይስትም። በሦስተኛው ቀን ልልከው ጫማዬን አደረግኩ። በር ላይ ቆሜ ያቺ ሴት በማሳ ዳር ወድቃ ታየችኝ። ሁዳዴ ግን ያልፋል፣ ብላኛለች ልጅቱ። ያልፋል፤ እንዴት አድርጎ እንደሚያልፍ እኔ አውቃለሁ።

ጫማዬን ሳላወልቅ ደወልኩላት።

«ወረቀቱን ከቅዳሜ በፊት ልታገኚልኝ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ። ስንት?»

«አሥር። ማኅተሙ በደንብ የታየበት ይሁን።»

«የቅሬታ ደብዳቤውስ?» አለችኝ።

«ምን ደብዳቤ?» አልኳት።

ቅዳሜ እነሱ ሲያስመርቁ እኔ በሚኒባስ ወጣሁ። ከመንገዱ በኋላ ያለው ዳገት ድሮ ረቡዕ ረቡዕ የምሮጥበት ነበር፤ አሁን ጉልበቴ አራት ቦታ አሳረፈኝ። የእታለም ልጅ ደጅ ላይ በቆሎ ትፈለፍል ነበር። ተነሥታ ተቀበለችኝ፤ አጎዛ አነጠፈችልኝ፤ እርጎ አመጣችልኝ። ፊቷ ግን «ደግሞ መጡ» ይል ነበር።

ወረቀቱን ሰጠኋት። ማንበብ ትችላለች፤ ግን አላነበበችም። መጀመሪያ ገልብጣ ማኅተሙን ፈለገች። ስታገኘው አውራ ጣቷን በምራቅ አርሳ አሸችው። አለቀቀም። ከዚያ ነው ማንበብ የጀመረችው፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ቀስ ብላ። አራተኛው መስመር ላይ ቆየች።

«አንቱ ያሉኝን ነው የሚለው» አለች።

«አዎ።»

«ታዲያ ይኼ ስሙ ያለው ሰውዬ ማነው?»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ብሳሳት ወረቀቱን እንደምትጥለው ታወቀኝ። የሰረቀ ሰው ማኅተም ምን ዋጋ አለው?

«ትልቅ ሐኪም ነው» አልኳት። ከአፌ ለማውጣት ከዳገቱ ይልቅ ደከመኝ።

ወረቀቱን ዘረጋችና ሥዕሉን አየች። ጣቷን ብልቃጡ ላይ አደረገች።

«የእናቴን ማር በምን አወቀ?»

«እኔ ነግሬው ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ገብታ አሮጌውን ወረቀት ከግድግዳው ስትልጥ ሰማሁ። ሐኪም ሳታይ መጠኑን እንዳትቀይር፣ ማክሰኞ ሆስፒታል ከወጣቷ ሐኪም ጋር እንደምጠብቃት ከደጅ ሆኜ ነገርኳት። «እሺ» አለች ከውስጥ። እርጎዬን ጨርሼ ተነሣሁ።

ማክሰኞ መጣች። ይህን የምጽፈው በሁዳዴ አጋማሽ ነው። ባለፈው ሳምንት ሰው ልኬ ነበር፤ ደህና ናት፣ ከቅዳሴ መልስ ትወጋለች አሉኝ። የቀሩትን ዘጠኝ ወረቀቶች በየቤቱ አድያለሁ። ምረቃው ድምቅ ያለ እንደነበር፣ ፕሮፌሰሩም ስለ እኔ እንደጠየቀ፣ ፊት ወንበሩ ባዶ እንደነበር ወጣቷ ሐኪም ነገረችኝ።

የቅሬታዬ አራት ገጽ ሣጥኔ ውስጥ ነው። ፋሲካ ሲያልፍ እልከዋለሁ።